ሑክም ምንድር ነው? የዳኛ ፍርድስ የሌላውን ሰው ገንዘብ ሐላል ያደርጋልን?



በሱቅም ሆነ በቤት ከአንደበታችን ከማይለዩት የሸሪዓ ቃላት አንዱ ሑክም የሚለው ቃል ነው። «የዚህ ነገር ሑክሙ ምንድር ነው?» እያልን ዑለማዎችን እንጠይቃለን፤ መልሱንም ሰምተን እንሄዳለን። ነገር ግን ቃሉ በአንድ መልክ ብቻ የሚነገር ባለመሆኑ፣ አንዱን ሑክም በሌላው ቦታ አስገብተን ነፍሳችንን የምናታልልበት ጊዜ አለ። ይህንንም ለመረዳት አንድ ምሳሌ እናስብ።

አንድ ነጋዴ ከባልንጀራው ላይ ሃምሳ ጆንያ ቡና በዱቤ ወሰደ እንበል። ገንዘቡ ሳይከፈል ዓመታት አለፉ፤ ሻጩ የያዘው ወረቀት ጠፋበት፤ በውሉ ጊዜ የነበሩት ምስክሮችም ሞቱ። ነገሩ ከዳኛ ፊት በቀረበ ጊዜ ገዢው «ከሳሼ ማስረጃ ያቅርብ» ከማለት በቀር ሌላ ቃል አልተናገረም። ማስረጃም ስላልተገኘ ዳኛው በነጻ አሰናበተው። ሰውየውም ወደ ቤቱ ተመልሶ ለሚስቱና ለልጆቹ «ተፈርዶልኛል፤ ከእንግዲህ ዕዳ የለብኝም» አላቸው። ዳኛው አልተሳሳተም፤ ሕጉም አልተጣሰም። ጥያቄያችን፣ ያ የሃምሳ ጆንያ ዋጋ በዚያ ቀን የማን ገንዘብ ሆነ? የሚል ነው።

መልሱን ከመፈለጋችን በፊት ቃሉን ራሱን እንመርምረው። ሥሩ በዐረብኛ ሐ፣ ከ፣ መ የሚሉት ሦስት ፊደላት ናቸው። የጥንት ዐረቦች ከዚህ ሥር ሐከማ የሚል ስም ነበራቸው፤ ይኸውም ከልጓሙ ጋር ሆኖ በፈረሱ አፍ ዙሪያ የሚያልፈውና ፈረሱ እንዳሻው እንዳይጋልብ የሚገታው ክፍል ነው። የቋንቋ ሊቃውንት እንደሚሉት የሑክም የመጀመሪያ ፍቺ መግታት ነው፤ ፍርድ ሑክም የተባለው በደለኛውን ከበደሉ ስለሚገታው ነው፤ ጥበብም ሒክማ የተባለችው ባለቤቷን ከስንፍና ሥራ ስለምትገታው ነው። በሁለት ተጣዪዎች መካከል የሚገባው ሽማግሌ ደግሞ ሐከም ይባላል፤ ዛሬ ዐረቦች በኳስ ሜዳ ፊሽካ የሚነፋውን ዳኛ የሚጠሩት በዚሁ ስም ነው።

ቃሉ ከነጋዴዎች ጋር ብዙ አገር ዞሯል። በምሥራቅ አፍሪቃ ጠረፍ የሚኖሩ ስዋሂሊ ተናጋሪዎች ሁኩሙ ሲሉ ፍርድ ማለታቸው ነው፤ በሕንድ አገር ሁክም ያሉ እንደ ሆነ ግን ትእዛዝ ማለታቸው ነው። እኛ በአማርኛ ከዚህ ሥር የወሰድነው ሐኪምንና ሕክምናን ነው፤ ይኸውም በሽታን የሚገታውን ነው። ለፍርድ ግን የራሳችን ቃላት ነበሩን። ከነዚህም አንዱ ፍትሕ የሚለው ነው፤ በግእዝ ፈትሐ ማለት ከፈተም፣ ፈታም፣ ፈረደም ማለት ነው። ዐረብኛውም ከዚህ አይርቅም፤ ፈተሐ ከፈተ ማለት ሲሆን፣ በቁርኣን ውስጥ ነቢዩ ሹዐይብ በርሳቸውና በወገኖቻቸው መካከል እንዲፈርድ አላህን የለመኑት በዚሁ ቃል ነው። አል-ፈታሕ ከአላህ ስሞች አንዱ ነው። እንግዲህ አንዱ ቃል መግታትን፣ ሁለተኛው መክፈትን ያመለክታል፤ ፍርድ በእውነት የተሰጠ እንደ ሆነ ሁለቱንም ይሠራል፤ የበደለኛውን እጅ ይገታል፣ ለተበደለውም የተዘጋበትን በር ይከፍታል።

ወደ ሸሪዓ ስንመጣ የኡሱል ሊቃውንት ሑክም ሲሉ በመጀመሪያ የአላህን ሑክም ማለታቸው ነው። ይኸውም አእምሮ ለደረሰና ኀላፊነት ላለበት ሰው ሥራውን በሚመለከት የመጣው የአላህ ቃል ነው፤ ይህን አድርግ ወይም ተው በማለት፣ ወይም ምርጫውን ለሰውየው በመተው፣ ወይም አንዱን ነገር ለሌላው ምክንያት፣ መስፈርት ወይም መሰናክል በማድረግ የሚገለጽ ነው። ከዚህም ብዙዎቻችን በልጅነታችን የተማርናቸው አምስቱ ይወጣሉ፤ ዋጅብ፣ መንዱብ፣ ሙባሕ፣ መክሩህ፣ ሐራም። ነጋዴ በአንድ ቀን ውስጥ በአብዛኞቹ ላይ ይመላለሳል። ሱቁን ከፍቶ መሸጡ ሙባሕ ነው፤ የዕቃውን ነውር መደበቁ ሐራም ነው፤ የሚከፍለው ለሌለው ባለ ዕዳ ጊዜ መስጠቱ ዋጅብ ሲሆን፣ ዕዳውን ፈጽሞ መማሩ መንዱብ ነው። ያው ሙባሕ የነበረው ሽያጭ በጁሙዓ ቀን የአዛን ጥሪ ከተሰማ በኋላ የተከለከለ ይሆናል። ይህ ሑክም ምስክር አይሻም፤ ማኅተምም አይሻም፤ ሰውየው ብቻውን በመጋዘኑ ውስጥ ቢሆንም ከርሱ ጋር ነው።

ሁለተኛው የሙፍቲ መልስ ነው፤ እርሱም ፈትዋ ይባላል። ሦስተኛው የቃዲ ፍርድ ነው። በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት በሰፊው የመረመሩት በግብፅ አገር የኖሩትና በ684 ዓመተ ሂጅራ (በ1285 በአውሮፓ አቆጣጠር) ያረፉት የማሊኪያው ሊቅ ሺሃቡዲን አል-ቀራፊ ናቸው፤ ፈትዋን ከሑክም ስለ መለየትም ራሱን የቻለ መጽሐፍ ጽፈዋል። እርሳቸው ሙፍቲን በአስተርጓሚ፣ ቃዲን በእንደራሴ ይመስሏቸዋል። አስተርጓሚ የሰማውን ያስተላልፋል እንጂ ማንንም አያስገድድም፤ እንደራሴ ግን ያዛል፣ ትእዛዙም ይፈጸማል። ስለዚህ ሙፍቲን የጠየቀ ሰው ነገሩን በሐሰት ካቀረበ፣ የተቀበለው መልስ ላልጠየቀው ጉዳይ የተሰጠ መልስ ነው። «ሼኹ ፈቅደውልኛል» ማለቱም ከንቱ ነው፤ ሼኹ የፈቀዱት እርሱ የነገራቸውን እንጂ እርሱ የሠራውን አይደለም።

ቃሉን በመጥፎ መንገድ ስለ ተጠቀሙበት ሰዎች ጥቂት እንበል። በ37 ዓመተ ሂጅራ (በ657) በሲፊን ጦርነት ጊዜ ዐሊና ሙዓዊያ ነገራቸውን ለሁለት ሽማግሌዎች በሰጡ ጊዜ፣ ከዐሊ ጭፍራ የተለዩ ሰዎች፣ ኋላ ኸዋሪጅ የተባሉት፣ ፍርድ የአላህ ብቻ ስለ ሆነ ሰዎችን ሐከም ማድረግ ክህደት ነው እያሉ ጮኹ። ዐሊም ቃሉ እውነት መሆኑን፣ በቃሉ የተፈለገው ግን ሐሰት መሆኑን አመለከቱ። ዐብዱላህ ኢብኑ ዐባስ ወደነርሱ ሄደው በቁርኣን ተከራከሯቸው፤ አላህ ራሱ ባልና ሚስት በተጣሉ ጊዜ ከባል ወገን አንድ ሐከም፣ ከሚስትም ወገን አንድ ሐከም እንዲቆም አዟል፤ በኢሕራም ያለ ሰው አውሬ ገድሎ እንደ ሆነም የካሣውን ልክ ሁለት እውነተኛ ሰዎች እንዲወስኑ አዟል፤ ታዲያ በጥንቸልና በባልና ሚስት ጉዳይ ሰው ይፈርድ ዘንድ ከተፈቀደ፣ የሙስሊሞችን ደም ለማዳን እንዴት ይከለከላል? ብለው ብዙዎቹን መለሱ። እንግዲህ የሰው ፍርድ አስፈላጊ ነው፤ አላህ ያዘዘውም ነው። ነገር ግን የሰው ፍርድ የሰው መሆኑን መርሳት ሌላ ስሕተት ነው፤ የኛም ጉዳይ ከዚህ ላይ ነው።

የአላህ መልእክተኛ (የአላህ ሰላትና ሰላም በርሳቸው ላይ ይሁን) ለዚህ ነገር የማያወላውል መልስ ሰጥተዋል። ኡሙ ሰለማ ባስተላለፉትና ቡኻሪና ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ፣ እርሳቸው ሰው መሆናቸውን፣ ከተካራካሪዎቹ አንዱ ከሌላው ይልቅ ነገር ዐዋቂ ሊሆን እንደሚችል፣ እርሳቸውም በሰሙት መሠረት እንደሚፈርዱ ገለጹ፤ የወንድሙ መብት በፍርድ የተሰጠውም ሰው የተቀበለው ከእሳት የተቆረሰ ቁራሽ መሆኑን አስጠነቀቁ። አስተውሉ፤ ይህን የተናገሩት ወሕይ የሚወርድላቸው ነቢይ ናቸው። የርሳቸው ፍርድ እንኳ የሌላውን ገንዘብ ሐላል ካላደረገ፣ ከርሳቸው በኋላ የመጣ የማን ቃዲ ፍርድ ሐላል ያደርገዋል?

ታዲያ ዳኛው የልብን የማያይ ከሆነ ለምን ይፈርዳል የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። ዳኛው የሚፈርደው ሰዎች በየአፋቸው የሚሉት ሁሉ ቢሰጣቸው አንዱ የሌላውን ደምና ገንዘብ በወሰደ ነበርና ነው። ስለዚህ ማስረጃ በከሳሽ ላይ፣ መሐላ በካጅ ላይ ሆነ። ይህ ሥርዐት ብዙ ጊዜ እውነትን ያወጣል፤ አንዳንድ ጊዜ ግን እውነተኛው ይረታል። ዐሊ በኸሊፋነታቸው ዘመን የጠፋባቸውን ጥሩር በሌላ ሰው እጅ አግኝተው በቃዲ ሹረይሕ ፊት እንደ ከሰሱና በቂ ምስክር ስላላቀረቡ እንደ ተረቱ የሚነገረው ታሪክ አለ። የሐዲስ ሊቃውንት የዚህን ታሪክ ሰነድ ደካማ ነው ይላሉ፤ ይሁን እንጂ ፉቀሃዎች የሚያስተምሩትን ሥርዐት በደንብ ያሳያል። ሹረይሕ በዚያ ፍርድ ኀጢአት የለባቸውም፤ የጥሩሩም ባለቤት አልተለወጠም።

ከዚህ የሚበልጠው ግን በሱረቱ ኒሳእ ከ105ኛው አንቀጽ ጀምሮ የወረደው ነው። ሙፈሲሮች እንደሚተርኩት ከመዲና ሰዎች አንዱ ጥሩር ሰርቆ ነበር፤ ነገሩ ሊታወቅበት በቀረበ ጊዜ የሰረቀውን ዕቃ በአንድ አይሁዳዊ ቤት አስቀመጠው። ዕቃው በአይሁዳዊው ቤት ተገኘ፤ የሌባውም ዘመዶች ወደ ነቢዩ መጥተው ለወገናቸው ተከራከሩ። ማስረጃው በንጹሑ ሰው ላይ ነበር፤ የጐሣውም ድምፅ ከሌባው ጋር ነበር። በዚህ ጊዜ ለከዳተኞች ተከራካሪ እንዳይሆኑ የሚያዝ ወሕይ ወረደ፤ አይሁዳዊውም ነጻ ወጣ። ዛሬ ወሕይ ተቋርጧል። ዘመዱን ለማዳን ከዳኛ ፊት የሚቆም ሰው ሁሉ እነዚያን ዘመዶች ያስባቸው፤ እነርሱ ያፈሩት አላህ ስለ ገለጠባቸው ነው፤ የርሱ ግን እስከ ቂያማ ቀን ሳይገለጥ ሊቆይ ይችላል።

ስለዚህም ፉቀሃዎች ቀዷአን እና ዲያነተን የሚሉ ሁለት ቃላት አሏቸው፤ የመጀመሪያው በዳኛ ፊት፣ ሁለተኛው በሰውየውና በጌታው መካከል ማለት ነው። አንድ ነገር በዳኛ ፊት የጸና ሆኖ በጌታ ፊት ዕዳ ሊሆን ይችላል። በዚህ ላይ የታወቀ አንድ ክርክር አለ። ኢማም አቡ ሐኒፋ (በ150 ዓመተ ሂጅራ ያረፉት) ኒካሕን፣ ፍችንና ሽያጭን በመሳሰሉ ውሎች የቃዲ ፍርድ፣ ምስክሮቹ ሐሰተኞች ቢሆኑም እንኳ ቃዲው ሳያውቅ ከፈረደ፣ በውጭም በውስጥም ይጸናል አሉ። ምክንያታቸው ቀላል የሚናቅ አይደለም፤ ቃዲ ውልን የማሰርና የመፍታት ሥልጣን አለው፤ ፍርዱ በውጭ ብቻ ከጸና ደግሞ አንዲት ሴት በፍርድ ቤት የአንዱ ሚስት፣ በጌታዋ ዘንድ የሌላው ሚስት ሆና ትቀራለች፤ ክርክሩም አያልቅም። ነገር ግን ማሊክ፣ ሻፊዒይና አሕመድ፣ የራሳቸው ደቀ መዛሙርት አቡ ዩሱፍና ሙሐመድ አሽ-ሸይባኒም ሳይቀሩ፣ ፍርዱ የሚጸናው በውጭ ብቻ ነው ብለው ተቃወሟቸው፤ የኡሙ ሰለማን ሐዲስ ያነበበ ሰው ወደነዚህ ቢያደላ አይፈረድበትም። ደግሞም አቡ ሐኒፋ ራሳቸው በሐሰት የከሰሰውንና የመሰከረውን ከኀጢአት ነጻ አላደረጉም፤ «ይህ ንብረት የኔ ነው» ብቻ ተብሎ ምክንያቱ ሳይገለጽ በቀረበ ክስም ፍርዱ የሰውን ንብረት በውስጥ እንደማያሻግር ይስማማሉ።

እኒህ ኢማም በኩፋ ከተማ የሐር ጨርቅ ነጋዴ እንደ ነበሩ አንባቢው አይዘንጋ። የቃዲነት ሹመት በቀረበላቸው ጊዜ እንቢ ብለው እንደ ታሰሩ በሕይወት ታሪካቸው ተጽፏል፤ የንግድ ባልደረባቸው ነውር ያለበትን ጨርቅ ነውሩን ሳይናገር በሸጠ ጊዜም ገዢው ማን እንደ ሆነ ስላልታወቀ የጨርቁን ዋጋ በሙሉ ሰደቃ እንደ ሰጡ ይተረካል። ከሳሽ አልነበረም፤ ምስክር አልነበረም፤ የተቀመጠ ችሎትም አልነበረም።

አሁን ወደ ነጋዴው ዕዳ እንመለስ። የዘመን ርዝመት ዕዳን ይሽራልን? በኢትዮጵያ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በ1845ኛው አንቀጽ፣ ሌላ ደንብ ከሌለ በቀር፣ የውል ክስ በዐሥር ዓመት ይርጋ እንደሚታገድ ይደነግጋል። የዑስማኒያ መንግሥት ሊቃውንት ከ1869 እስከ 1876 በአውሮፓ አቆጣጠር ያዘጋጁት መጀላ የተባለው የሐነፊያ የሕግ መጽሐፍም በ1660ኛው አንቀጽ፣ ዕዳንና አደራን የመሰለ ክስ ከዐሥራ አምስት ዓመት በኋላ እንዳይሰማ ይከለክላል። ሁለቱም ምክንያት አላቸው፤ ማስረጃ ያረጃል፣ ምስክር ይሞታል፣ ፍርድ ቤትም የአያቶችን ነገር ሲመረምር መኖር አይችልም። ነገር ግን ይኸው መጀላ በ1674ኛው አንቀጽ፣ መብት በዘመን ብዛት አይሻርም ይላል፤ ተከሳሹም በዳኛ ፊት ዕዳውን በግልጽ ካመነ የዘመኑ ማለፍ አይጠቅመውም። እንግዲህ ይርጋ የሚዘጋው የዳኛውን ጆሮ ነው እንጂ የዕዳውን መዝገብ አይደለም። በይርጋ የተረታ ሰው ቤቱን ለመዝጋት ተገዶ ልጆቹን ከትምህርት ያስወጣ እንደ ሆነ፣ የረታው ሰው «ሕጉ ነው» ቢል እውነቱን ነው፤ ሕጉ ከዳኛ እጅ አድኖታል። ከጌታው ጋር ያለው ሒሳብ ግን ባለበት ነው።

ሑክም በችሎት ብቻ የሚሰጥ አይደለም። አባት በልጆቹ መካከል፣ ባለ ሱቅ በሁለት ሠራተኞቹ መካከል፣ ሽማግሌ በባልና ሚስት መካከል በየቀኑ ይፈርዳል። ከነዚህ ሁሉ የሚበዛው ስሕተት አንዱን ብቻ ሰምቶ መፍረድ ነው። በቁርኣን እንደ ተተረከው ሁለት ተጣዪዎች አጥሩን ዘለው ወደ ነቢዩ ዳውድ ገቡ፤ አንዱ፣ ዘጠና ዘጠኝ በጎች ያሉት ወንድሙ የርሱን አንዲት በግ እንደ ጠየቀው ተናገረ፤ ዳውድም ሁለተኛው ሳይናገር ፈረዱ፤ ወዲያውም እንደ ተፈተኑ ዐውቀው ምሕረት ለመኑ። ፈተናው ይህ ችኰላ ነበር ያሉ ሙፈሲሮች አሉ። ነቢያችንም ዐሊን ወደ የመን ለዳኝነት በላኳቸው ጊዜ ሁለተኛውን ሳይሰሙ ለመጀመሪያው እንዳይፈርዱ አዘዋቸዋል፤ ዳኛ በተቈጣ ጊዜ እንዳይፈርድም ከልክለዋል። ይህ የመጨረሻው ለአባቶች የተነገረ ይመስላል። ማታ ደክሞት ከገበያ የተመለሰ ሰው ሚስቱ በልጁ ላይ፣ ልጁም በእኅቱ ላይ ሲከሱ ቢሰማ፣ የነገሩን መጨረሻ እስከ ነገ ጧት ማቆየት ይችላል። ምግቡንም በልቶ ቢሆን ይሻላል፤ ፉቀሃዎች ረኀብንና ጥማትን ከቁጣ ጋር ቈጥረዋቸዋልና።

በአገራችን የቃዲዎች ፍርድ ቤቶች በ1936 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 62 ተቋቁመው ይሠሩ ነበር፤ በ1992 ዓ.ም. ደግሞ የፌዴራል የሸሪዓ ፍርድ ቤቶችን አቋም ለማጠናከር የወጣው አዋጅ ቁጥር 188 ተተካ። ኒካሕን፣ ፍችን፣ ቀለብን፣ ውርስን፣ ኑዛዜን፣ ስጦታንና ወቅፍን የመሰለ ጉዳይ ይመለከታሉ። ለዚህ ግን የሁለቱም ተካራካሪዎች ፈቃድ ያስፈልጋል፤ በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥትም በ34ኛው አንቀጽ ይህንኑ ያዝዛል። እንግዲህ ወደ ቃዲ የሚሄድ ሰው ማንም ሳያስገድደው የሚሄድ ነው። በፈቃዱ የሸሪዓን ፍርድ መርጦ ከገባ በኋላ የእኅቱን የውርስ ድርሻ ለማስቀረት ሰነድ የሚደብቅ ሰው፣ ከመጀመሪያው ወደ ሌላው ችሎት ቢሄድ ሥራው ባልተለወጠ፤ እዚህ ግን በአላህ ሑክም ስም መነገዱ በላዩ ላይ ተጨመረበት።

በአቡ ዳውድ ዘገባ ያ የእሳት ቁራሽ ሐዲስ የተነገረው ማስረጃ በሌላቸው በሁለት ሰዎች የውርስ ክርክር ላይ ነበር። ቃሉን በሰሙ ጊዜ ሁለቱም አለቀሱ፤ እያንዳንዱም መብቴ ለርሱ ይሁን አለ። ነቢዩ ግን በልቅሶው አላሰናበቷቸውም፤ ተካፈሉ፣ እውነተኛውን ልክ ፈልጉ፣ ዕጣ ተጣጣሉ፣ ከዚያም አንዱ ሌላውን ይቅር ይበል ብለው ሥራውን አሳዩአቸው።

እንደዚሁ በፍርድ ያገኘው ገንዘብ የርሱ አለመሆኑን የሚያውቅ ሰው ሥራ አለበት። ባለቤቱ በሕይወት ካለ ለርሱ ይመልሳል፤ ማፈሩ የከበደው እንደ ሆነ በሌላ ሰው እጅ ቢያደርስለትም ዕዳው ይወርድለታል። ባለቤቱ ሞቶ ከሆነ ለወራሾቹ ይሰጣል። ባለቤቱ የት እንደ ደረሰ የማይታወቅ ከሆነ ሊቃውንት የዐብዱላህ ኢብኑ መስዑድን ሥራ ይጠቅሳሉ። እርሳቸው አንዲት አገልጋይ ገዝተው ዋጋዋን ለማምጣት ሄደው ቢመለሱ ሻጩ አልነበረም፤ አንድ ዓመት ፈልገው አጡት። በዚህ ጊዜ ገንዘቡን በባለቤቱ ስም ለድኾች ያከፋፍሉ ጀመር፤ ሰውየው አንድ ቀን መጥቶ ሰደቃውን ያልወደደ እንደ ሆነም የሰደቃው ምንዳ ለርሳቸው ሆኖ ዋጋውን እንደገና ሊከፍሉት በራሳቸው ላይ ዕዳ አስመዘገቡ።